የእንግዳው እግር

ሟቹ የተኛው እንደ ጥሩ እንግዳ ነበር፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ተስቧል፣ ጉንጩ ቀልቷል። በሩን ከፍቶ ያየው ሰው «ይተኛ፣ አትቀስቅሱት» ብሎ ቀስ ብሎ በተመለሰ ነበር። የፖሊሱ መቶ አለቃ ማለደ ግን ከአልጋው ግርጌ የከሰል ማንደጃ አየና በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ቀዝቃዛው የደባርቅ አየር እስኪገባ ደጅ ቆመ።

«ብርዱን አልቻለውም፤ ከሰል አስገብቶ ተኛ፤ ጭሱ ገደለው» አለ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ላቀው። «የአዲስ አበባ ሰው የደጋን ብርድ የት ያውቀዋል?»

«መስኮቱንስ ማን ደፈነው?» አለ ማለደ።

መስኮት ማለት ይከብዳል እንጂ፣ መዝጊያ ኖሯት የማታውቅ ጠባብ ቀዳዳ ነበረች። አሁን አሮጌ ጆንያ ተጠቅጥቆባታል፤ የተጠቀጠቀውም ከውጭ ነው።

ሟቹ ሀብተ ሚካኤል ይባላል። በዚያ በ1972 ኅዳር ከአዲስ አበባ የተላከው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ የወይዘሮ አረጋሽ ጠጅ ቤት በቅርስነት ይያዝ ወይስ ይፍረስ ብሎ እንዲፈርድ። በከተማው ከዚህ ቤት የሚያረጅ የለም። ድንጋዩን የገጠሙት የአረጋሽ አያት ሲሆኑ፣ በጭስ የጠቆረው ጣሪያና በጠጪ ክርን የተላገው መደብ ያልሰሙት የፍቅርና የጠብ ወሬ የለም። ላቀው አፍርሶ የስብሰባ አዳራሽ ሊሠራበት ቋምጧል። ሀብተ ሚካኤል ግን ብርሌውን ጨብጦ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ፣ ልቡ በቤቱ ተይዞ አመሸና እዚያው በእንግዳ ክፍሉ ተኛ።

ማለደ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገለጠ። ሰውየው ቀኑን በአቧራ ሲዞር እንደዋለ ሱሪው ይመሰክራል፤ ካልሲውም ቢያቆሙት ይቆማል። እግሩ ግን ንጹሕ ነው፤ በጣቶቹ መሐል እንኳ ቅንጣት ትቢያ የለም።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አረጋሽ በሩ ላይ ደረሱ። ስልሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው፤ ሰሞኑን ወድቀው የተሰበረ ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ ከአንገታቸው ተንጠልጥሏል። የሟቹን ፊት አላዩም። እግሩን አዩና በደህና እጃቸው የበሩን መቃን ያዙ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አሉ።

«ምን አድርጎዎት እትዬ?»

«ቤቴን መንግሥት ይረከበው አለ። ከአያቴ ቤት ከምወጣ ብዬ ነው።»

«ሰማህ አይደል?» አለ ላቀው። «የመንግሥት መልእክተኛ የገደለች ፀረ አብዮት ናት። ሳይመሽ ለአብዮት ጥበቃ አስረክባታለሁ።»

ማለደ ፈራ። የተረከቧቸው ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ያውቃል፤ ጎንደር ደርሶ ዳኛ ፊት የቆመ አላየም።

«እስከዚያ የኔ እስረኛ ናቸው» አለና ምርመራውን ቀጠለ።

መሰንቆ መቺው ቢራራ ሲጠየቅ አንገቱን ደፋ። «ጌታው፣ እኔን ጓድ ላቀው ቀበሌ ለመጡ እንግዶቹ ዝፈን ብሎ ከሰዓት እላፊ በፊት ቀበሌ ወሰደኝ። እስኪነጋ እሱም እኔም ከዚያ አልወጣንም።» የቀበሌው ዘበኞችም ይህንኑ መሰከሩ።

ያርጋል ወይዘሮ አረጋሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት፣ አሁን ጠጁንም ቤቱንም የያዘላቸው ጎልማሳ ነው። «ትናንት ከቀትር በኋላ ዛሪማ ወርጄ ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና መመለሴ ነው» አለ። «ይህን የላቀው እጅ ሠርቶታል። እማዬን ልቀቋት።»

ማለደ ሁሉንም በጠጅ ቤቱ አዳራሽ ሰበሰባቸው።

«በዚህ ቤት» አለ፣ «እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ አይተኛም። ገዳዩ ማንደጃ ይዞ ሲገባ ሟቹ ያልጠረጠረው ለዚህ ነው፤ ከላዩ የውሃ ማንቆርቆሪያ ተጥዶበታል። አጥቦት ሲያበቃ ውሃውን ይዞ ወጣ፤ ማንደጃውን ‹ይሙቅዎት› ብሎ ተወለት። ከዚያ በጓሮ ዞሮ ቀዳዳዋን ደፈነ። ሊገድል ገብቶ እንኳ እጁ የለመደውን ሠራ፤ አሳምሮ አጠበው። ጓድ ላቀውና ቢራራ ቀበሌ ነበሩ። ያርጋል ዛሪማ ነበርሁ ይላል፤ ወደዚያ የሚያወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ግን ወታደር ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዘግቶታል። የወረደም የወጣም መኪና የለም።»

«እኔ ነኝ አልሁህ እኮ!» አሉ አረጋሽ። «ያጠብሁትም እኔ፣ የደፈንሁትም እኔ!»

ማለደ ሳፋና ማንቆርቆሪያ አስመጣ። «እንግዲያው ያሳዩኝ። ጓድ ላቀው፣ ጫማዎን ያውልቁ።»

ላቀው እያጉረመረመ አወለቀ። አረጋሽ በግራ እጃቸው መደቡን ተደግፈው መንበርከክ ጀመሩ። ወደ ጎን አዘነበሉ፤ የተሰበረው እጃቸው ከሳፋው ጋር ሲጋጭ ድምፅ ላለማውጣት ከንፈራቸውን ነከሱ። እንደገና ወደ ላቀው እግር ተሳቡ።

«ተዪ እማዬ!» ያርጋል ዘሎ አነሣቸው። «ለእሱ አትንበርከኪ! እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት ሲያስወጡሽ ከማይ ብዬ ነው። ‹መንግሥት ይረከበው› ሲል በጓዳው በር በጆሮዬ ሰማሁት።»

አረጋሽ ፊቱን በደህና እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወዲያ የሚሸሽጉት አልነበረም።

«ልጄ፣ ምነው ጥቂት ብትቆም» አሉ። «‹ያለ እርስዎ ይሄ ቤት ድንጋይ ነው፤ እስኪሞቱ ይኑሩበት፤ ከእርስዎ ወዲያ ልጅዎ ይጠብቀው› ብሎ ነበር እኮ። ስምህን ጠርቶ ነበር።»

ያርጋል መሬት ላይ ተቀመጠ። ማለደ አጠገቡ ተንበርክኮ ካቴናውን አስገባለት። ላቀው ጫማውን አጠለቀና ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በዐይኑ ለካው፤ ይፍረስ ቢል አይፈርስም የሚለው ሰው አልቀረም።