የባሕሩ ዳር መርዶ

ፔታ ቲክቫ፣ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር፣ ከአንድ ትንሽ ሱቅ በላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት እናትና ልጅ ይኖሩ ነበር። ዘመኑ እንደ አገራቸው እንደ ጎንደር አቆጣጠር 1978 ነው። እናት ወይዘሮ ፋንትነሽ ከታላቅ ወንድሟ ከአቶ ታረቀ ጋር ቀድማ ወደ ዕብራውያኑ አገር ገብታ ነበር። ልጆቿ ስንዱና ይርሳው ከብቱን ሸጠው በሱዳን በኩል ሊከተሏት ተስማምተው ነበር የተለያዩት። ስንዱ ተከትላ መጣች። መጣች ይባል እንደሆነ... ብቻዋን! ይርሳው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ወባ ጨርሶት፣ ጢም እንኳ ገና ሳያበቅል እዚያው ተቀብሮ ቀርቷል። ይህን ዘመድ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ አገር ያውቃል። ያላወቀች እናቱ ብቻ ናት።

ለምን አልተነገራትም? እንዴ! መርዶ እንደ ገበያ ወሬ ደጃፍ ላይ ቆመው ይለፍፉታል እንዴ? ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛዋ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል የሚይዛት እጅ ያስፈልጋል። አቶ ታረቀ በዚህ ነገር ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው። «ሐኪሙ ልቧ ደካማ ነው ብሏል። ሰው ሳይሰበሰብ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትይ ደሟ በራስሽ ነው!» ብለው ስንዱን አስማሏት። እሺ፣ ይሁን። ዘመዱስ የታለ? ጎንደር ቢሆን አንድ ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ቢጣራ አገሩ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። እዚህ አንዱ አፉላ፣ አንዱ አሽቀሎን፣ አንዱ ሳፈድ ተበትኗል። ቀን ሲቆረጥ ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል መርዶ አይነገርም። በዓሉ ሲያልፍ የአጎት ልጅ ወለደች፤ አራስ ከቤት አትወጣም። ደግሞ ቀን ተቆረጠ፤ ሌላው ዘመድ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ተከለከለ። ስንዱ በገዛ ወንድሟ ሞት ድምፅ አውጥታ አልቅሳ አታውቅም! መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ ነበር የምታነባው።

ፋንትነሽ ደግሞ መጠየቅ አይሰለቻት። ጠዋት ጠዋት ወገን ከሱዳን የሚያስመጣው መሥሪያ ቤት በር ላይ ትቆምና በተማረቻት ጥቂት ዕብራይስጥ «ቤን ሸሊ፣ ይርሳው፣ ሱዳን» ትላለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ጸሐፊዋ «ሳቭላኑት» ብላ ትመልሳታለች። ትዕግሥት! ቤት ስትገባ ተራው የስንዱ ነው። «ሐኪም ቤት ተኝቷል አልሽኝ። ዓመት ሙሉ የሚያስተኛ ምን ዓይነት በሽታ ነው?» ስንዱ ምን ትበል? «ይመጣል እማ» ትላለች፤ ምላሷን ነክሳ።

በመጨረሻ፣ በሐምሌ፣ ዘመዱ ሁሉ የሚመጣበት ቀን ተገኘ። አቶ ታረቀ ስንዱን ወደ ጎን ጠርተው «ወንበር ተውሰን እስክናስገባ፣ ሰዉም እስኪሞላ ወስደሽ አቆዪያት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳትመለሺ» አሏት።

«ወዴት ልውሰዳት፣ አያ ታረቀ?»

«ወዴትም! ባሕር አሳዪያት።»

ባሕር አሳዪያት! እናቷን፣ መርዶዋ ቤት እየተደገሰ፣ ሽርሽር ትውሰዳት? ታላቅ ካዘዘ ግን አዘዘ። ስንዱ እናቷን ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ባሕሩስ ባሕር ነበር! አሸዋው እንደ ተነፋ ዱቄት ነጭ፤ ውሃው ሰማያዊ ነው እንዳይሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው እንዳይሉት ሰማያዊ፤ ከጥራቱ የተነሣ ጉልበት ድረስ ገብቶ የእግር ጥፍር ይታያል። ፋንትነሽ መጀመሪያ አፈረች። «እነዚህ ሰዎች ራቁታቸውን ምን ያንከራትታቸዋል?» ብላ ፊቷን አዞረች። ቆይታ ግን ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፣ በመዳፏ ዘግና ቀመሰች። «ጨው ነው! ወይ የእግዜር ሥራ! ይህን ሁሉ ውሃ ማን ጨው ጨመረበት?» ብላ ሳቀች። ስንዱ እዚህ አገር ከመጣች እናቷ ስትስቅ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቂ ትበላት? ወይስ አትሳቂ ትበላት? ምን ዓይነት ፈተና ነው ይሄ!

ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ፋንትነሽ እግሯን አራግፋ «ተነሺ እንሂድ» አለች።

«ቆይ ትንሽ፣ እማ።»

«ቤቱን ዘግተነው መጣን እኮ። ዛሬ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ቢልኩስ?»

«ቆይ አልኩሽ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ልጄ መጥቶ በር ላይ ቢቆም...»

«አይመጣም!» ስንዱ ጮኸች። «አይመጣም እማ! ይርሳው የለም!»

ቃሉ ካፏ አምልጦ ወጣ። አጠገባቸው ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች ዞር ብለው አዩና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ፋንትነሽ ቀስ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ስንዱ የእናቷን ደረት ደረቷን እያየች፣ ያ ደካማ ልብ ቀጥ ሊል ነው ብላ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«እኔ።»

«ውሃ ጠየቀ?»

ይህን ስንዱ ለማንም ነግራ አታውቅም። «ጠየቀኝ። ጉድጓዱ ጋ ተሰልፌ ይዤለት ስመለስ... አልደረስኩለትም።»

ፋንትነሽ ያን ሁሉ ውሃ አየችው። ከዚያ የልጇን ራስ ስባ ጭኗ ላይ አስተኛችው። «አንቺስ? አለቀስሽለት?»

«አላስለቀሱኝም።»

«በይ አልቅሺ። እኔ እይዝሻለሁ።»

ስንዱ ያኔ ሆዷ ውስጥ ያመቀችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ሲወጣላት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ያዛት። «ዘመድ ሁሉ ቤት ተሰብስቧል። ምዬ ነበር እኮ! አያ ታረቀ ምን ይሉኛል?»

እናቷ ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። «ማን ምን ነገረኝ? እኔ ምንም አልሰማሁም። አንቺ ይህን ሁሉ ጊዜ ችለሻል፤ እኔ አንድ የአውቶቡስ መንገድ ያቅተኛል?»

እናም ቻለች። እንዴት እንደቻለች እግዜር ይወቀው! በመንገድ ሙሉ አንዲት ጠብታ ዕንባ አልወረዳትም። ቤት ገብታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ «ምነው? በሰላም ነው?» አለች። ቄሱ ተነሥተው «እኅታችን፣ ልብሽን አጽኚ» ብለው በወጉ ጀመሩ፤ በወጉ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ያ የታፈነ ጩኸት ሲወጣ ሕንፃው ተናወጠ። ራሷን ስትጥል እጆች ተሽቀዳድመው ያዟት። አቶ ታረቀ ወደ ስንዱ ጠጋ ብለው «አየሽ? መርዶ በወጉ ሲነገር እንዲህ ነው» አሉ።

እናት ግን እናት ናት፤ ሐዘን ደግሞ ምስጢር አይጠብቅም። ፋንትነሽ ደረቷን እየመታች «ልጄን ውሃ ጠማው! ውሃ እየለመነ ሄደብኝ!» እያለች ሙሾውን አወረደችው።

አቶ ታረቀ ይህን ሰሙ። ውሃ መለመኑን ማን ነገራት? እሳቸው ራሳቸው አያውቁም። ዞረው ስንዱን አዩዋት፤ ያበጡ ዓይኖቿን አዩ። ስንዱ እርግማን ጠብቃ አንገቷን ደፋች። እኒያ የማይነቀነቁ ሰው ግን እጇን ይዘው ዘመዱን እየከፈሉ ወስደው ከእናቷ ጎን አስቀመጧት።

«አልቅሺ፣ ልጄ» አሉ። «ያንቺም መርዶ ነው። አንቺን በወጉ ያረዳሽ ሰው አልነበረም።»

ወይ ዕጣ! ሰው አንድ ሰው አዝኖ እንዳይሞት ሲጠነቀቅ ሌላው አጠገቡ ሳያለቅስ ይኖራል። የዚያን ቀን ግን ማሃኔ የሁዳ ውስጥ እናትና ልጅ ተቃቅፈው እርማቸውን አወጡ።