የሞተው ሞላ

ሆራስ ባይዘዌይ ቅዳሜ ዕለት ጓሮው ውስጥ ባለችው የእንጨት ወርክሾፑ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ግራ ጆሮ ግንዱ ሰርጉዷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ አሮጌ የአየር ጠመንጃ የብረት መቆንጠጫው፣ ሞርሳው፣ እንደነከሰው ቀርቷል፤ የኋላ የብረት ክዳኑ ደም ነክቶት ከግድግዳው ሥር ወድቋል፤ ከውስጡ የወጣው ጥምዝ የብረት ሞላ ደግሞ ሬሳው ደረት ላይ ተጋድሟል። በዳድሊ ከተማ ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህን አደጋ በወሬ ያውቀዋል፤ የታመቀ ሞላ ሳይያዝ ከተፈታ ክዳኑን እንደ ጥይት ይተፋዋል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስም አደጋ ነው ብሎ ደብተሩን ለመዝጋት አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ኢንስፔክተር ቴልማ ራውንድ ግን አልቸኮለችም። አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው ጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ሞላ ሲጠቀልል ነው። እራት ላይ ወሬው ሁሉ ሞላ ነበር፤ ሰልችቷት ነበር እንጂ አልረሳችውም።

የሟቹ ሚስት ኢኒድ ወጥ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እንዴት ሆኖ?»

«የሞላ መጭመቂያውን ሐሙስ ለወንድሜ ለክሌም አዋስኩት። ሆራስን ሳልጠይቅ። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ መጭመቂያ አንድ ጠመንጃ ፈትቶ አያውቅም። ቢያጣው ጊዜ ነው በእጁ የሞከረው።»

ቴልማ የሴትዮዋን ፊት አየችው። አንድ ሰው ካላነሳላት ይህን ነገር ይዛው መቃብር መውረዷ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳዩን ሙጭጭ አድርጋ የያዘችው ለሕጉ ሳይሆን ለዚች ሴት ብላ ነው።

ወደ ወርክሾፑ ተመለሰች። ሆራስ እጁ የገባ ጠመንጃ ሁሉ ላይ ካርድ ያስር ነበር። ሞርሳው ላይ ያለው ካርድ «ለግድግዳ ጌጥ፤ ልጆች ያሉበት ቤት» ይላል። የሟቹ ሽርጥ በደቀቀ የእንጨት ብናኝ ነጥቷል፤ መደርደሪያው ላይ የቆሙት ስምንት ጠመንጃዎች ግን ሰደፋቸው የሃምሳ ዓመት እድፉን እንደያዘ ነው። ከተሰቀሉት መዶሻዎች መካከል አንዱ ታጥቧል። መዶሻ የሚያጥብ ጠመንጃ ሠሪ ደግሞ ቴልማ አይታ አታውቅም።

ከሟቹ ጋር የተጣላ ሰው ሲጠየቅ ሁሉም የሚጠራው ኖሪስ ፔፕሎን ነበር፤ ጠመንጃ ሰብሳቢ ነው። ሆራስ በተኳሾች ክበባቸው ፊት «የምትኮራበት ጠመንጃ የፋብሪካ ቁጥሩ እንደገና የተመታ አስመሳይ ነው» ብሎ አዋርዶታል። ፔፕሎ ጥላቻውን አልደበቀም። ቴልማ ሞላውን ስትሰጠው ግን በሁለት ጣቱ ጨምቆ ሳቀ።

«ይቺ ድመት አታባርርም፣ እመቤቴ። ታምቃ ስንት ዓመት በመረሳቷ ጉልበቷ ያለቀ፣ የሞተች ሞላ ናት። ልጆችን እንዳትጎዳ ብሎ ሆራስ ራሱ የከተታት ናት።»

የኢኒድ ወንድም ክሌም የክበቡ ጸሐፊ ነው። ሚስቱም ልጁም ሞተውበታል፤ ልጁ ዴሪክ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሕይወቱ አልፏል። መጭመቂያውን በሆራስ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጣው። ቴልማ ሠርተውበታል ወይ ስትለው ሐሙስ ዕለት አንድ ጠመንጃ እንደፈታበት ነገራት።

በሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ ሞላውን የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ከተተችው፤ ገባና ከአፉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ጤነኛ ሞላ ቢሆን ከአፉ ውጭ ይተርፍ ነበር።

«ሚስስ ኢኒድ፣ በጣትዎ ይግፉት።»

ኢኒድ ገፋችው። ያለ ምንም ትግል ሄደላት።

«ይህ ሞላ ማንንም አልገደለም። መጭመቂያው እዚህ ተሰቅሎ ቢሆን እንኳ ሆራስ ለዚህ ብሎ አያወርደውም ነበር። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ኢኒድ ጣቷን ከቱቦው ሳታወጣ ሳምንት ሙሉ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

«የገደለው መዶሻ ነው፤ ታጥቧል» አለች ቴልማ። «ገዳዩ ስለ ሞላ ወሬ ሰምቷል፤ ሞላን ግን አያውቅም። ሚስተር ፔፕሎ በሁለት ጣት ለየው። ሚስተር ክሌም፣ እርስዎ የክበቡ አንደኛ ተኳሽ ነዎት፤ ጠመንጃዎን ግን ሁሌ የሚፈታልዎ ሆራስ ነበር። የመጭመቂያው መንጋጋ ሆራስ የቀባውን ቅባት እንደያዘ ነው፤ አልሠሩበትም። የወሰዱት እሱ እንዲያጣው ነው። ቅዳሜ ከመቱት በኋላ እጅዎ የደረሰበትን ጠመንጃ ፈቱ፤ ካርዱን አላነበቡም። ቀላል የሆነልዎም ሞላው የሞተ ስለሆነ ነው። የቀረኝ ሽርጡ ላይ ያለው የእንጨት ብናኝ ነበር፤ እዚህ ካሉት አንዱም አልተፋቀም፤ ታዲያ የተፋቀው ጠመንጃ የታለ? ዛሬ ጠዋት አልጋዎ ሥር አገኘነው።»

ፖሊሱ ጠመንጃውን አስገባ። ሰደፉ አዲስ መስሎ ያብረቀርቃል።

ክሌም ለመካድ አልሞከረም። «ዴሪክ በአሥር ዓመቱ ስሙን በሚስማር የጫረበት ነው» አለ። «አንዱን ፊደል ገልብጦ። በእጁ የጻፈው ሌላ ነገር የለኝም። እኔ የሰጠሁት ውስጡ ያለው፣ ያረጀው የፒስተን ቆዳ ብቻ እንዲቀየር ነበር። ረቡዕ ስመጣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ አወጣልኝ። ‹አማረ አይደል?› አለኝ።»

«እኔስ?» አለች ኢኒድ። «‹ገደልኩት› እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠህ ሻይ ስትጠጣ?»

ወንድሟ የተፋቀውን ሰደፍ በመዳፉ ዳበሰ።

«ሆራስ አልነካውም ብሎኝ ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «‹የሰው ትዝታ አልፍቅም› ብሎ። ለምኜ ያስፋቅኩት እኔ ነኝ፣ ክሌም። ያንን ስም እየዳበስክ ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም።»

ቴልማ ይህን አልጠበቀችም። ከሴትዮዋ ላይ ያነሳችው ሸክም ዓይኗ እያየ ተመልሶ ኢኒድን ተጫናት። ኢኒድ መጭመቂያውን አነሳችው። ማስረጃ ነው ብሎ ሊነጥቃት የተነሳውን ፖሊስ ቴልማ በእጇ ከለከለችው። ኢኒድም በሽርጧ ጫፍ ቅባቱን ጠርጋ፣ ሆራስ ይሰቅለው በነበረበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው።