ሦስት ጊዜ ኢንተር

ወሬው የደረሰኝ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ቅዳሴ አልቆ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ መኪናዬን ከፍቼ፣ እዚያው ትቼው የገባሁትን ስልክ ሳየው አሥራ አንድ ሚስድ ኮል፣ ሁሉም የቢንያም (እኔ ስልክ ይዤ ቅዳሴ አልገባም፣ ይዘው የሚገቡትንም አላከብርም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ)። መልሼ ብደውል ሰላምታ እንኳ የለም።

«ትርሲት የት ነሽ? ሊስን፣ የክሊኒኮቹ ሰርቨር ዛሬ ጠዋት ራሱን ሁለቴ ሪስታርት አደረገ።»

«ራሱን?»

«አይ ሚን፣ ኮንሶሉ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። መጨረሻው ላይ ደረስኩበት፣ ሪቡት የሚለው አጥፍቶ ማስነሻ ትእዛዝ ፊደል በፊደል ሲጻፍ በዓይኔ አየሁ። ሰው ግን የለም። ትርሲት ትሙት፣ ፀጉሬ ቆመ!»

«የቱ ፀጉርህ?» አልኩት። ቢንያም መላጣ ነው።

«ቀልጂ አንቺ። የምሬን ነው፣ ጠበል ብናስረጭበት ሁሉ አይከፋም።»

የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ውኃ ሊያስረጭ! ይህ እንግዲህ ዲግሪ ያለው ሰው ነው።

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። ሰይጣን አለ፣ እሱን መጽሐፉ ይነግረኛል፣ ሰዎቻችን የሚያወሩት ሰይጣን ግን፣ ፍሪጅ የሚከፍተው፣ የቤዝመንት መብራት የሚያበራ የሚያጠፋው፣ እሱ ሥራ ፈት ነው፣ የሚያወሩለትም እንደሱው ናቸው። ሰው ቤት ተጋብዤ እንዲህ ያለ የ«ገጠመኝ» ወሬ ሲጀመር ጫማዬን ፈልጌ የምነሳ ሴት ነኝ። አሁን እኔው ቁጭ ብዬ ስጽፍላችሁ ምን ያህል እንደማፍር እመኑኝ።

ቢንያምን ልዘጋበት ስል ነው ዋናውን የነገረኝ።

«ለማንኛውም ዳግላስ ጋሽ ግርማ ናቸው ብሏል። ላፕቶፕ በገመድ ሰክተው ነው የጻፉት ይላል፣ ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸዋ። ነገ ጠዋት ባጃቸውን ሊቀበላቸው ነው።»

የምንሠራው ፒችትሪ ኮርነርስ ነው፣ ከውጭ ሲያዩት የምንጣፍ መጋዘን በሚመስል ሕንፃ ውስጥ፣ የሰው ሰርቨር፣ የክሊኒኮቹንም ጭምር፣ በኪራይ የምናኖር ትንሽ ድርጅት። ዳግላስ አለቃችን ነው፣ ለሥራ መጨረሻ ለፍርድ መጀመሪያ የሚደርስ ሰው። ጋሽ ግርማ ደግሞ የእሑድ ጥበቃችን ናቸው፣ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር የነበሩ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዲቪ ደርሷቸው የመጡ፣ እኔ ስለሳቸው ተናግሬ ያስቀጠርኳቸው። ባለቤታቸው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው፣ ኢንሹራንሱ የሚመጣው በዚህ ሥራ ነው፣ ሥራው ከሄደ ኢንሹራንሱም ሄደ ማለት ነው። ስልካቸውን ሳይለንት ማድረግ የማይችሉ ሰውዬ ናቸው ሰርቨር ሰርስረው የገቡት! እንዲህ ዓይነት ድንቁርና ደመወዝ ይከፈለዋል።

ለማታውቁት ላስረዳችሁ። ሰርቨር ፊቱ ላይ ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፣ ሰው በኔትወርክ ነው የሚያነጋግረው፣ ግን ታሞ ያ ሁሉ ቢዘጋበት እንኳ የማይዘጋ አንድ የጓሮ በር አለው፣ ሲሪያል ኮንሶል እንለዋለን። በዚያ በር ማሽኑ የሚለውን ፊደል በፊደል ታነባላችሁ፣ የምትጽፉትንም ይቀበላችኋል፣ በሩ የራሱ የኔትወርክ ገመድ ስላለውም እኔ ስኔልቪል ባለው ቤቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ማሽኑ ፊት እንደቆምኩ ያህል እሠራለሁ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከገባ አንዱ የሚጽፈውን ሌላው ያያል። ስለዚህ ቢንያም ያየው ሌላ የገባ ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ ይዤ ለዳግላስ አሳየዋለሁ፣ ጋሽ ግርማም ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፣ ብዬ በሰቨንቲ ኤይት አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ገጠመኝ ተብዬው ሁሉ በእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው፣ መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል። የኔ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ጎረቤቴ ሣር ያጭዳል፣ ምስር ወጥ ምድጃ ላይ ጥጃለሁ። ላፕቶፔን ስከፍተው ሞቅ ይል ነበር። ያኔ ፀሐይ መትቶት ነው አልኩ። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ጠረጴዛው ጋ እንደማትደርስ ያየሁት በኋላ ነው።

ጋሽ ግርማን ደውዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩ።

«ጋሽ ግርማ፣ ማሽኑ አጠገብ ኖት?»

«ፊቱ ቆሜያለሁ ልጄ። ሰማሽ አይደል ያሉኝን? እኔ እኮ ይሄን ዕቃ በልብሴ እንኳ አልነካውም። አትንኩ ተባልኩ፣ አልነካም!»

«አውቃለሁ፣ አይጨነቁ። ምን ይታይዎታል?»

«ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ጠዋትም እንዲህ አደረገው። ከዚያ ማራገቢያው ያጓራና ዝም ይላል፣ ያጓራና ዝም።»

«ሰማያዊውን ከሩቅ የምናበራው እኛ ነን፣ ማሽኑን ለመለየት ነው።»

«እንግዲያው አንቺ ነሻ ያበራሽው?»

«እኔ ገና አልገባሁም» አልኩና በሆዴ ቢንያምን ሰደብኩት፣ ቤቱ ሆኖ እየነካካ ነው ብዬ።

ገባሁ። ኮንሶል ስትገቡበት ጥቁር ስክሪን ነው፣ ኢንተር ስትጫኑ ይነቃና ስም ይጠይቃችኋል። አንድ ጊዜ ይበቃል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ነው የምጫነው፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ፣ ሦስተኛውን ትንሽ ቆየት ብዬ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ቢንያም ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይስቅብኛል።

ተጫንኩ፣ ስም ጠየቀኝ፣ ምንም ሳልጽፍ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ። ሌባው ይምጣ ብዬ።

ወጡን ላማስል ብድግ ከማለቴ በፊት መጣ። አንድ መስመር ወረደ። ሌላ መስመር ወረደ። ከዚያ ቆመ፣ ቆየት አለ፣ ሦስተኛው ወረደ።

እጆቼን ከጠረጴዛው አንሥቼ አየር ላይ አደረግኳቸው፣ ልክ ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው፣ እመኑኝ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም። ከዚያ ተናደድኩ። እዚያው ስም መጠየቂያው ላይ በላቲን ፊደል «ማን ነህ? ቢንያም?» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላኛው ሰው እንዲያነበው። መልስ የለም። ጥቂት ቆይቶ የጻፍኩት ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ መጥፋት ጀመረ፣ ሳይቸኩል፣ ልጅ የጻፈውን እንደሚያርም አስተማሪ። ሲያልቅ በቦታው የኔ ስም ተጻፈ። ከዚያ የይለፍ ቃል ጠየቀ፣ የይለፍ ቃል ሲጻፍ አይታይም፣ እኔ ከዳዊት የወሰድኩትና የትም ጽፌ የማላውቀው ረጅም ነገር ነው። በአንዴ ተቀበለው።

እዚያው ስክሪኔ ላይ በሌላ መስኮት ኮንሶሉ ላይ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። አንድ ሰው ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ አጓራ እንደገና» አሉ ጋሽ ግርማ።

ስክሪኑ ላይ የሪቡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት መጡ። ማሽኑ አሁን ከጠፋ፣ ጋሽ ግርማ ደግሞ ፊቱ ቆመው፣ አለቀላቸው።

«ጋሽ ግርማ! ቢጫ ቀጭን ገመድ ከኋላው አለ፣ ይንቀሉት!»

«አትንኩ ተብያለሁ እኮ!»

«በኔ ይሁንብዎት፣ ይንቀሉት!»

ትንሽ ተንኳኳ። «ነቀልኩት። እጄ ላይ ነው።»

የኔም መስኮት ግንኙነቱ ተቋርጧል ብሎ ጠፋ፣ ልክ እንደሚገባው። ያ ቢጫ ገመድ የኮንሶሉ በር ራሱ ነው፣ ከተነቀለ ማንም ከየትም አይገባም። ላፕቶፑን ከደንኩት። ልቤ መለስ አለ፣ እንዲያውም ሳቅ ብያለሁ፣ በኔትወርክ የሚመጣ ነገር በገመድ ይቆማል፣ መንፈስ ገመድ አያስፈልገውም፣ ቢንያምን በነገው ዕለት እንዴት እንደማሳቅቀው እያሰብኩ ነበር።

«ማራገቢያው ዝም አለ» አሉኝ ጋሽ ግርማ፣ «መብራቱም ጠፋ።» ቀጠሉና «ታዲያ አሁን ለማን ነው የምትጽፊው?»

«እኔ? ምንም አልጻፍኩም።»

«ኧረ ልጄ፣ ሲንቋቋ ይሰማኛል እኮ፣ አንቺ ጋ ነው። ይኸው፣ ቀጭ ቀጭ ይላል… ቆመ። ይኸው ደሞ አንዴ።»

ላፕቶፑ ፊቴ ተከድኗል። አንዱ እጄ የወጥ ማማሰያ ይዟል፣ ሌላው ጉልበቴ ላይ ነው። የጎረቤቴ ሣር ማጨጃ እንኳ ከቆመ ቆይቷል። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እመቤቴን ምንም።

ያን ዕለት ማታ ዳግላስ ለማየት ያልደከመበትን መዝገብ አየሁት፣ ኮንሶል የገባ ሁሉ የሚመዘገብበትን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስሙ የኔ፣ የመጣበት ስኔልቪል፣ የገዛ ቤቴ ኢንተርኔት። የቤቴ ቁልፍ ያለው ከኔ በቀር የለም፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው ያገኘሁት። እኛ ድርጅት ከቤት መሥራት እንደ ስንፍና ስለሚታይ ከቤት የመግባት ፈቃድ የነበረን እኔና ቢንያም ብቻ ነን። መዝገቡን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ማጥፋትም እችል ነበር፣ ማንም አያውቅም፣ ጋሽ ግርማ ይባረራሉ፣ እኔ ደመወዜን እበላለሁ። አንድ ሰዓት ያህል ፊቱ ተቀመጥኩ። ይህንንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ግርማ ከረባት አስረው፣ ባጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የዳግላስ ቢሮ በር ላይ ቆመው ሳያቸው አላስቻለኝም፣ ቀድሜያቸው ገብቼ ከመዝገቡ ያተምኩትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ይሄ አንቺ ነሽ» አለ ዳግላስ።

«ስሜ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከንጋት እስከ ረፋድ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

ሳቅኩበት። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው፣ አልኩት። ጋሽ ግርማ ሥራቸው ላይ ቆዩ፣ ባለቤታቸውም እጥበታቸውን አላቋረጡም፣ በእሳቸው ፋንታ የኔ ባጅ ተወሰደ፣ ምስክር እስካመጣ ድረስ።

ምስክር ቀላል መስሎኝ! መጀመሪያ ወደ እትዬ ፀሐይ ነው የደወልኩት፣ ዘወትር ከፊቴ ነው የሚቆሙት። «አንቺማ ወንጌሉ ሳይነበብ ስትወጪ ዞር ብዬ አየሁሽ» አሉኝ፣ «አሟት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሊቆርቡ ሲሉ ተመልሰሽ ቆመሻል።» እትዬ ፀሐይ ያረጁ ናቸው፣ ያምታታቸዋል፣ ብዬ ሶስና ጋ ደወልኩ፣ ከጎኔ የነበረችው። «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፣ «ክንድሽ ክንዴን እየነካኝ ነው ያረፈደው፣ ንቅንቅ አላልሽም። እንዲያውም በጣትሽ ጸሎት መጽሐፍሽን ጀርባ ስትመቺ ነበር፣ ቀስ እያልሽ፣ የምትቆጥሪ መስሎኝ ምንም አላልኩሽ።»

እኔ አላስታውስም። የዚያን ዕለት ስብከት አንድ ቃል አላስታውስም፣ ስብከት የሚያመልጣቸውን ሴቶች በንቀት ሳይ የኖርኩት ሴት። ቢንያም ጉድ ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቶልኛል፣ ሥራ ፈት የምላቸው ሰዎችም አሁን ስገባ ወሬ አቁመው ያዝኑልኛል፣ ከዚህ የባሰ ውርደት አላውቅም።

እናም የዚያን እሑድ በሴቶች በኩል ከእትዬ ፀሐይ ኋላ፣ መጋረጃው አካባቢ የቆማችሁ፣ ጫማ ማውለቂያው ጋ ልጅ ይዛችሁ የነበራችሁም ጭምር፣ ወጥቼ እንደነበር፣ ወጥቼም ከሆነ መቼና በየት በር እንደተመለስኩ፣ ካልወጣሁም እጆቼ ምን ይሠሩ እንደነበር ንገሩኝ። ጠበል አትምከሩኝ፣ አይዞሽም አትበሉኝ። ያየ ብቻ ይንገረኝ፣ የመሰለው ዝም ይበል።