ከታከምሽ በኋላ ጥዪኝ

የጎረቤቱ ሱቅ የቆርቆሮ መዝጊያ አምልጦ ሲወድቅ ዋሲላ በሱቃቸው ጨርቅ እየለካች ነበር። ድው! አለ... ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ዓይኗን ስትገልጥ የሱቁ ወለል ላይ ተጋድማለች፤ ጨርቅ ሊገዛ የገባው ወጣት ሁለት ጣቱን አንገቷ ላይ አድርጎ የደም ሥሯን ያዳምጣል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትሰሚኛለሽ? ስምሽ ማነው?»

«ልቀቀኝ!» አለችና ሻርፗን አስተካከለች። «ጾም ይዤ ነው... ምንም አይደለም።»

ጾም አልያዘችም። መውደቅ የጀመራት በልጅነቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ አብዱልሀፊዝም እንዲሁ ይወድቅ ነበር፤ አንድ ጠዋት አጠገቡ ስልክ ሲጮህ ደንግጦ ከአልጋው ተነሣ፣ ተዘረረ፣ በዚያው ቀረ። እናቷ አፊያ ከዚያ ወዲህ «ለሰው ትንፍሽ እንዳትዪ! ጅን አለባት ብለው ባል ያሳጡሻል» እያለች ታስጠነቅቃታለች። ዋሲላ ነጎድጓድ ትፈራለች፣ የበር መንኳኳት ትፈራለች፤ ከሁሉ አብልጣ ግን ሰው እንዳያውቅባት ትፈራለች።

ወጣቱ ሱሀይል ይባላል፤ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በሳምንቱ ከእንጅባራ ዳንግላ ሱቋ ድረስ ተመልሶ መጣና ጨርቅ ገዛ። ደግሞ መጣ፣ ደግሞ ገዛ።

«ይህን ሁሉ ምን ታደርገዋለህ?»

«እህቶቼ ብዙ ናቸው።»

«ስንት?»

«...አንዲት።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ መምጫው ቀን ሲደርስ ዓይኗ ከሱቁ በር አይነቀልም።

አንድ ቀን ስለ ሥራው ጠየቀችው።

«የልብ ሕዋስ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው» አላት። «ሽፋኑ ላይ እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ፕሮቲኖች አሉ። በእነሱ ጨው ይገባል፣ ይወጣል፤ ልብም የምትመታው በዚህ ነው። እኔ የዚያን በር ቅርጽ ነው የማጠናው።»

«በሩ ቢበላሽስ?»

«ሰውየው ጤነኛ ይመስላል። ድንገት ሲደነግጥ ግን የልብ ምቱ ይዘበራረቅና ይወድቃል። አንዳንዱ ይነሣል... አንዳንዱ አይነሣም። ከቤተሰብ የሚወረስ ነው።»

ወንድሟን ያየው መሰላት። ቶሎ ብላ ወሬ ቀየረች፤ እሱም አልገፋበትም።

ተስማምተው ሱሀይል ሽማግሌ ሊልክ በተዘጋጀበት ሰሞን አባቷ ሐጂ ሙሐመድሰዒድ ምሳ ላይ «ያ ልጅ መስጊድ በር ላይ አግኝቶኝ፣ ልጅ እንደሞተብን ሰምቶ የአብዱልሀፊዝን አሟሟት ጠየቀኝ። ምን ፈልጎ ነው?» አሉ።

ዋሲላ ያነሣችውን ጉርሻ መለሰች። አወቀ! ሊተወኝ ሰበብ እየፈለገ ነው!

በማግስቱ በሚኒባስ እንጅባራ ሄደች። ቢሮው በር ላይ አገኘችው።

«ሽማግሌ እንዳትልክ! ከምትተወኝ እኔ ትቼሃለሁ።»

«ማን ይተውሻል አለ?»

«ታዲያ የወንድሜን ሞት ምን ያስጠይቅሃል?»

«እንዳትሞቺብኝ ነዋ!» ድምፁ ተሰበረ። «ከወደቅሽበት ቀን ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ። ሱቃችሁ ስመጣ በሕይወት አገኛት ይሆን እያልኩ ነው የምመጣው...»

«እየጠረጠርክ ይህን ያህል ጊዜ ዝም አልከኝ?»

«ፈራሁ። ብነግርሽ ትሸሺኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ጥፋቴ ነው፣ ወላሂ ጥፋቴ ነው። ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂጂ። ከታከምሽ በኋላ ጥዪኝ።»

ሳትመልስለት ወጣች። በመንገዱ ሁሉ አለቀሰች። ቤት እንደገባች ግን እናቷን እጇን ይዛ «እማ፣ እኔም እንደ አብዱ ልሞት ነው?» አለቻት። አፊያ ተነሥታ ባሏን ጠራች።

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙ ደረቷ ላይ ገመድ አገጣጥሞ የልቧን ምት ካየ በኋላ የሱሀይል ጥርጣሬ ልክ መሆኑን ነገራቸው። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላት።

«ከዋጠችው አደጋው በጣም ይቀንሳል። ወንድሟም ይህ ሳይኖርበት አልቀረም።»

አፊያ እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቀሰቀች። «እኔ ጅን ነው ብዬ ነው ልጄን የቀበርኩት...»

ዋሲላ ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ ሱሀይል ከአባቷ ሰምቶ መጥቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። ሊቀርባት አልደፈረም። ራሷ ሄደችለት።

«ልጅ ብንወልድ ሊወርሰው ይችላል ብለውኛል።»

«አውቃለሁ።»

«አትፈራም?»

«በጣም እፈራለሁ! አንቺን ከማጣት ግን አይብስም። ልጃችንም ቢኖርበት ቶሎ እናውቃለን፣ ቶሎ እናሳክማለን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቷን የሚጋራት ሰው አገኘች።

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለችው።

የጋብቻ ውላቸው፣ ኒካሁ፣ ዳንግላ ታሰረ። ፈቃደኛነቷን ሲጠይቋት ልቧ ቢመታም ቃሏ አልተናወጠም።

አሁን እንጅባራ ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት ክኒኑንና ውሃውን የሚያቀርብላት እሱ ነው።

«ዋጥሽ?»

«ባልውጥስ? ትጠላኛለህ?»

«እወድሻለሁ እንጂ! ብቻ ልጮህብሽ ብል... ሐኪሙ አንቺን ማስደንገጥ ከልክሎኛል።»

ዋሲላ ሳቀችና ክኒኑን ዋጠች።