ከስኳሩ ኋላ

ኻሊድ ካስተም በሚባለው ገበያ ባለው መጋዘኑ በር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት የበሩ መወርወሪያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ካስተም እንደሁ ሰው ሞተ ብሎ አይዘጋም፤ ውጭ የኡጋንዳ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ተሸካሚው ይጯጯኻል።

ኢንስፔክተር አቡክ ስትደርስ፣ ቀደም ብሎ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ የተሰማው ጓደኛው ማጆክ በካቴና ታስሮ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም በስደት አዲስ አበባ ያደጉ ስለሆኑ ምርመራው በአማርኛ ሆነ። አለቃዋ በስልክ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ሌላ ተጠርጣሪ ካልተገኘ ማጆክ ዛሬውኑ ወህኒ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን ማን ገልጦ ያየዋል? ማንም።

«ከኻሊድ ጋር ምን አጣላህ?»

«ጨዋታ።»

«የምን ጨዋታ?»

«የጠረጴዛ ነው። ኻሊድ ታሪኩን ይመራል፤ እኔ፣ እህቱ ጀንነትና ጓደኛችን ሰማን ገጸ ባሕርያቱን እንጫወታለን። መሳካት አለመሳካቱን የምንጥለው ዳይስ፣ ቁጥር ያለው ጠጠር፣ ይወስናል። የኔ ገጸ ባሕርይ ሌባ ነው፤ ከምሰሶ ኋላ ተደብቋል። ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር ወጥቼ ልለፍ አልኩ። ኻሊድ ‹ከመከለያህ ከወጣህ ታይተሃል› አለ። ‹ጀርባው ዓይን አለው እንዴ?› አልኩት። ተጯጯህን።»

«ከዚያስ?»

«ሕጉ ሲያከራክረን መጋዘን ገብተን በተግባር እንሞክረዋለን፣ ልማዳችን ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኻሊድ በሩ ጋ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል፤ እኛ እንደበቃለን፣ ከዚያ ይፈልገናል። እኔ ጥጉ ሞልቶብኝ ከሩዙ ኋላ ገባሁ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። ጀንነት መብራቱን ስታበራ ወድቋል።»

የአብሮ አደጉን ሞት ሳይሆን የአየር ሁኔታ የሚያወራ ይመስላል። ደንዝዟል።

ጀንነትም አላለቀሰችም። እንባ እምቢ ካለ ምን ይደረጋል!

«ከሳሙናው ካርቶን ኋላ ነበርኩ» አለች። «ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ ምንም አልሰማሁም።»

«ከወንድምሽ ጋር የተቀያየመ ሰው አለ?»

«ሰማን ሽማግሌ ልኮብን ነበር። ኻሊድ መለሳቸው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሰማን ግን ሳይጠየቅ ጀመረ። «ያ ረቢ! እኔ ጥጉ ጋ፣ ከስኳሩ ኋላ ነበርኩ። ማጆክ በአጠገቤ ሲያልፍ ሸሚዙ ፊቴን ነካኝ። ወደ በሩ ነበር የሚሄደው።»

«መብራት እስኪበራ ከዚያ አልተነቃነቅክም?»

«ወላሂ አልተነቃነቅኩም!»

አቡክ ባትሪዋን ይዛ መጋዘኑን ዞረችው። ተመልሳም የጨዋታውን ጠረጴዛና ላዩ ላይ የተዘረጋውን የመጋዘኑን ካርታ አየች። ከዚያ ሦስቱንም ጠርታ ጥጉ ፊት አቆመቻቸው። የበቆሎ ዱቄት ጆንያ ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮበታል፤ ድመት አያሾልክም።

«ስኳሩ የታለ?»

«ጠዋት መኪና ስናራግፍ ወደ ሱቁ አወጣነው» አለች ጀንነት። «እነሱ ሳይመጡ።»

«ማጆክ ጥጉ ሞልቶብኝ ብሎኛል። ስለዚህ በጨለማ እዚህ ድረስ መጥቶ ዳስሷል። ሰማን ግን ከስኳሩ ኋላ ነበርኩ አለኝ። የቱ ስኳር? ስኳር ያለው ለጨዋታችሁ በሳላችሁት የመጋዘን ካርታ ላይ ብቻ ነው።»

«ጨለማ ነው፤ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለ ሰማን።

«ስኳርና ዱቄት በጨለማ ይምታታል። ከዚህ ቁልል ኋላ መግባት ግን አይቻልም። ጠረጴዛ ላይ ‹ጥጉ ጋ ተደበቅኩ› ማለት ይበቃል፤ ካልክ ተደብቀሃል። እዚህ ግን በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ አንተ አልሄድክም። ኻሊድ ዓይኑን ሲጨፍን ሁለቱ ገቡ፣ አንተ በሩ ጋ ቀረህ። መወርወሪያውም እዚያው ነበር። ኻላስ ሰማን፣ አለቀ።»

ሰማን ወደ በሩ ዞሮ አየ።

«ሽማግሌዎቼን በር ላይ ነው የመለሳቸው» አለ። «ግቡ እንኳን አላላቸውም።»

ካቴናው ከማጆክ እጅ ወጥቶ ሰማን እጅ ገባ፤ ፖሊሶች ወሰዱት። ማጆክ ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«ጀንነት፣ ሲያስሩኝ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«የገደልኩት መስሎሽ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለችው። «መስሎኝ ነበር።»

ሬሳውን የሚያነሱት ሰዎች ገቡ። ማጆክ ሄዶ በእግሩ በኩል ያዘ።

«ኻሊድን እቀብራለሁ» አለ፣ ወደሷ ሳይዞር። «ከዚያ በኋላ ግን እናንተ ቤት አልመጣም።»

«አውቃለሁ» አለች ጀንነት።