የተጣሉት ሸክላዎች

እሁድ ከሰዓት ነው፤ በርሊን ላይ እንደዛ ዓይነት ፀሐይ ስትወጣ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ሽፕሬ ወንዝ ዳር ያለው የጭፈራ ግቢ ጢም ብሏል፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚጨፍር ሁሉ አለ። ሸክላ የሚያጫውተው ፋልኮ ነው። ቴክኖ ሙዚቃ ላይ እጁ ፈጣን ነው፣ አፉ ደሞ ከእጁ ይብሳል። ሰው ወሬ ሲጀምር እሱ ይጨርስለታል።

አዲሱን ሸክላ ከሚጫወተው ላይ ሲደርብ ከፊት የቆመች አንዲት ረጅም ልጅ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቷን ጭምድድ አደረገች።

«ምነው፣ ጥርስሽን አመመሽ?» አላት ፋልኮ።

«እኔ ደህና ነኝ። ዘፈኖችህ ግን ተጣልተዋል።»

«ምን ይጣላሉ! ምታቸው እኮ እኩል ነው።»

«እግራቸው አብሮ ይሄዳል፣ አፋቸው ግን ይሰዳደባል።»

ፋልኮ ደሙ ፈላ። የሸክላው ሽፋን ላይ ቅኝቱን ጽፎ የለጠፈውን ወረቀት አሳያት። «ሁለቱም አንድ ቅኝት ናቸው! በፒያኖ ነው ያረጋገጥኩት።»

«ያኔማ አዲሱ ቀስ ብሎ ነበራ የሚዞረው! አሁን ከሌላው እኩል እንዲሮጥ ብለህ አፈጠንከው። ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም ይቀጥናል፣ አይደል? ቅኝቱ ሸሸ በቃ።»

ፋልኮ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ አዳመጠ፤ እውነቷን ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ፍጥነቱን አስተካክልና ከዛ በጆሮህ ስማ፤ የሚስማማውን ያኔ ምረጥ። ካልሆነም የሚጫወተው ዜማውን ይጨርስ፤ ከበሮው ብቻ ሲቀር አዲሱን አስገባ። ምን ያስቸኩልሃል?»

ስሟ ቪብከ ነው። በመዘምራን ቡድን ትዘምራለች፣ ግን ለቴክኖ ትሞታለች። እስኪመሽ አጠገቡ ቆማ አንዱን ሄድፎን በየጆሯቸው ተካፈሉ። ጉንጫቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ሸክላው አልቆ መርፌው ሲንኳኳ እንኳ አልሰሙም፤ ሕዝቡ ነው በፉጨት ያባነናቸው።

በጋውን አብረው ከረሙ። እሱ ቤት ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው ሸክላ ይመርጣሉ፣ ዶነር ሳንድዊች ይሻማሉ። «አንቺ ኤሊ» ይላታል። «አንተ እሳት» ትለዋለች።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ፋልኮ፣ ቪየና ሥራ አገኘሁ፣ ኦፔራ ቤት። እና እኔ…»

«እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ቀደማት። «ሂጂ እንጂ! እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው?»

እንድትሄድበት አይፈልግም እኮ! ግን እንዳትሳቀቅበት ብሎ ጎበዝ ጎበዝ ተጫወተ።

«ለካ ይሄን ያህል ቀላል ነኝ» አለችና ጃኬቷን አንስታ ወጣች። ከዛ ወዲያ ስልኩን አላነሳችም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቀን ላይ ሲያጫውት፣ አዲሱን ሸክላ በጣቱ ይዞ የሚጫወተው ዜማውን እስኪጨርስ ይጠብቅ ነበር። እዛው ላይ ነው የባነነው። ለሸክላ ይጠብቃል። ለሷስ? «እና እኔ» ብላ ምን ልትል ነበር?

ቦታውን ለተረኛው ዲጄ ለቆ ሮጠ። ልምምድ ከምታደርግበት ቤተክርስቲያን ስትወጣ ደረጃው ላይ አገኛት።

«ምን ፈለግክ?»

«ያን ቀን ‹እና እኔ› ብለሽ ነበር። የቀረውን ልሰማ ነው።»

«አሁን ምን ያደርግልሃል?»

አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ትራም አለፈ፣ ሌላ ትራም አለፈ። ቪብከ አየችው፤ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃታል።

«እና እኔ ካላንተ መሄድ አልፈልግም ልልህ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አብረኸኝ ትመጣለህ ወይ ብዬ ልለምንህ። ‹ሂጂ› ብለህ ስታሰናብተኝ ጊዜ አፈርኩ።»

ፋልኮ አሁንም ዝም።

«ጨርሻለሁ እኮ! ተናገር!»

«እርግጠኛ ነሽ? የቀረ ካለ…»

«አንተ ጅል!» ብላ ደረቱን መታችው፣ እንባዋ ከሳቋ ተደባለቀ።

«እመጣለሁ» አላት። «ግን ሸክላ ከባድ ነው፣ ግማሹን አንቺ ትሸከሚያለሽ።»

አንገቱ ሥር ሽጉጥ አለች።

«ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት አይቻለሁ» አለችው። «አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም።»