ማንም ያልፈለገው ግራኝ

ኦርቪል ዴምበክ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሞቶ ተገኘ። እሑድ ጠዋት ነበር። የመጋቢት በረዶ ሚልዋኪን ዳግመኛ አልብሷት፣ ከተማዋ ከተፈጠረች ጀምሮ ሰው ኖሮባት የማያውቅ መስላለች።

መርማሪ ሎሬታ ብሪግስ ተጠርታ መጣች። ሎሬታ ዓይኗ ግንብ ይበሳል የምትባል ሴት ናት፤ ደግሞም ይበሳል። አንዴ ከመቶ ተጠርጣሪ መሃል ሌባውን ከአዛጋጉ ብቻ ለይታ ስትይዘው፣ ሌባው ራሱ ብድግ ብሎ አጨብጭቦላታል።

«አዳልጦት ነው» አላት በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

«ትራሱንስ አዳልጦት ነው ያመጣው?»

የሟቹ ራስ የሶፋ ትራስ ላይ አርፏል። አንገቱ የተሰበረ ሰው ተነሥቶ ትራስ አያመጣም። ከደረጃው አናት ላይ ደግሞ የተበጠሱ የሸሚዝ ቁልፎች ወድቀዋል። አንድ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ይዞታል፤ ያው ሰው ወርዶ ራሱን ቀና አድርጎ አስተኝቶታል። ገዳዩ ሟቹን የሚወድ ሰው ነው። ሎሬታ ከዚህ የከፋ ነገር አታውቅም።

ክፍሉ መሃል ክብ ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ሦስት ታጣፊ ወንበሮች። አራተኛው ከማሞቂያው ኋላ እንደታጠፈ አቧራ ለብሷል።

አስከሬኑን ያገኘችው ዳርሊን ፕሮካሽ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች ፀጉር ሠሪ። ያመጣችውን የድንች ሰላጣ እስካሁን እንዳቀፈች ኩሽና ውስጥ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ምርጫችን ነበር» አለች። «የምናብ ቤዝቦል። እውነተኞቹን ተጫዋቾች ተራ በተራ እንመርጥና በጋውን ሙሉ እነሱ ሜዳ ላይ የሠሩት ለእኛ ይቆጠራል።»

«ስንት ናችሁ?»

«ዱሮ አሥራ ሁለት ነበርን። ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ሙቀት ፍለጋ ፍሎሪዳ ገባ። አሁን አራት ነን። አሥራ ሁለቱ ቡድን እንዳይፈርስ ብለን ሦስት ሦስት እንይዛለን።» አፍንጫዋን ጠረገች። «አትሳቂ አንቺ ልጅ።»

ሎሬታ አልሳቀችም። እራቷን ከቴሌቪዥን ጋር እያወራች የምትበላ ሴት በዚህ አትስቅም።

«ኦርቪል ጎበዝ ነበር?»

«ጎበዝ ብቻ? ሰው የጣለውን ኳስ ወርዋሪ አንሥቶ ወርቅ ያደርጋል! እኛ ስንት ጊዜ ተሸነፈ ብለን እናያለን፤ እሱ ኳሷ ከእጁ እንዴት እንደምትወጣ ያያል። ‹ልጁ ምንም አልጎደለው፣ ኳሱን የሚያፈሱት ከኋላው ያሉት ቀላቢዎች ናቸው› ይላል። ለእኛ የሚነግረን እንዳይመስልሽ! ከምርጫው በፊት ሁላችንም እንዋሻለን፤ ደንባችን ነው። የማንፈልገውን ወርዋሪ እያሞገስን ጓደኛችን ላይ እንጭናለን። ሐሙስ ደውሎ ሆሊስ የሚባል እንከፍ ሲያሞግስልኝ ዋለ።»

ከጓደኞቹ ሁለተኛው ኸርብ ኒልሰን ነበር፤ የግማሽ ሚልዋኪን ጥርስ የነቀለ፣ የቀረውንም ለመንቀል የቆረጠ የሚመስል ሐኪም።

«ለእኔ ያሞገሰልኝ ማክሬን ነው» አለ። «የማክሬ ክንድ እንደ አያቴ ጥርስ መነቃነቁን የማላውቅ መስሎት! ሽማግሌ ውሸታም!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ጠፋበት።

ሦስተኛው፣ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረው ላይል ዋሴክ፣ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ለእኔ አልደወለም። ከገና ወዲህም አልተያየንም።»

«ቅዳሜ የት ዋሉ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

ላይል የቀልድ ጥያቄ መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል ቀና ብሎ አያት። «ከማን ጋር እሆናለሁ?»

ዳርሊንም ኸርብም ያሉት ይህንኑ ነው። ሦስቱም ቤታቸው፣ ሦስቱም ብቻቸውን፣ ለሦስቱም ምስክር የለም። ሎሬታ ጥያቄው ለራሷ ቢቀርብ መልሷ ከዚህ በአንዲት ቃል እንደማይለይ አሰበችና ቶሎ ሌላ ነገር ማሰብ ጀመረች።

ለቀብሩ የሟቹ ልጅ ጆሊን ከአሪዞና መጣች። እሷም በወጣትነቷ ወርዋሪ ነበረች።

«ቡድኖቹ ከውድድሩ በፊት ለልምምድ የሚመጡት እኛ ጋ ነው» አለቻት ሎሬታን። «አባዬ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ግራኝ ወርዋሪ እንድመለከትለት ወደ ልምምዱ የጓሮ ሜዳ ላከኝ። ኦካሲዮ ይባላል፤ ያለፈውን ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ የከረመ ነው። ካሜራ የለም፣ ጋዜጠኛ የለም፣ እኔና አንድ ውሻ ብቻ ነን። ልጁ የኳስ አያያዙን ቀይሯል። መቺዎቹ አየር እየመቱ ተመለሱ። ቀትር ላይ ደውዬ ስነግረው አባዬ እንደ ሕፃን ጮኸ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማን ልንገር? ልጁም ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል፤ አልወረወረም።»

የኦርቪል ስልክ ከዚያ ጥሪ በኋላ አልተነካም። ሎሬታ ይህን ቀድማ አረጋግጣለች።

ጓደኛሞቹ በሳምንቱ እሑድ ምርጫውን ለኦርቪል መታሰቢያ አደረጉት፤ እዚያው ምድር ቤት፣ እነዚያው ሦስት ወንበሮች ላይ። ሎሬታና ጆሊን ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ቋሊማው ቀዘቀዘ፤ ነገሩም ከቀብር ይልቅ ቀብር መሰለ። ወደ መጨረሻው ገደማ ተራው የላይል ሆነ። ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

«ኦካሲዮ።»

«ማን?» ኸርብ ጠረጴዛውን መታ። «አንተ! ያንን ሰውዬ እናቱም አትመርጠው!»

ጆሊን የሎሬታን ክንድ ጨበጠች።

«ምርጫውን አቁሙልኝ» አለች ሎሬታ። «ላይል፣ ኦካሲዮን ለምን ወሰዱት?»

«እንዲያው... ደስ አለኝ።»

«የኦካሲዮን ነገር ከልምምድ ሜዳው ውጪ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ይህችው፤ ሌላው ኦርቪል። ኦርቪል የሰማው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፤ ሳይመሽ ሞቷል። ስለዚህ ከአፉ የሰማው ሰው በዚያ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቤት ፊት ለፊቱ ቆሞ ነበር።»

«ኦርቪል እኮ እውነቱን ለማንም አይናገርም!» አለች ዳርሊን።

«እየተጫወተ አይናገርም። አሁን ወንበሮቹን ቁጠሩ። ለአራት ተጫዋች ሦስት ወንበር ዘረጋ፤ የራሱን አልዘረጋም። ትቶ ሊሄድ ነበር።»

«ወደ እኔ» አለች ጆሊን ቀስ ብላ። «እሑድ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አንዱ ግን እሑድን አልጠበቀም።»

ማሞቂያው ብቻውን ጉር ጉር አለ። ላይል ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የበረዶ አካፋውን ልመልስለት ነው የመጣሁት» አለ። «ውሸቴን ነው፤ አካፋው ሰበብ ነበር። እሑድ ራቀብኝ። እሱ ደረጃው አናት ላይ ቆሞ እየሳቀ ‹እኔ አሪዞና ልጄ ጋ መግባቴ ነው፤ እናንተ ቀጥሉ፣ አንተ ኦካሲዮን ውሰድ፣ ስጦታዬ ነው› አለኝ። ወርዋሪ ሰጥቶኝ ሊሄድ! ዓመቱን ሙሉ የማወራው ከሱ ጋር ነው። ደረቱን ያዝኩት። አትሄድም ልለው ነበር። እሱ ልቀቀኝ እያለ ወደ ኋላ ሲስብ ቁልፎቹ ተበጠሱ።»

«አምቡላንስ አልጠሩም።»

«ወዲያው ነው ያለፈው። ትራስ አደረግኩለት። እስኪመሽ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ፈራሁ።»

ዳርሊን ፊቷን ሸፈነች። ኸርብ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

«ኦካሲዮን ባይወስዱት ኖሮ አላገኝዎትም ነበር» አለች ሎሬታ።

«ገብቶኛል። ግን የሰጠኝ የመጨረሻው ነገር ነው። መሬት ላይ ጥዬው ልሂድ?»

በሚያዝያ ሎሬታ ቤቷ ደጃፍ መኪናዋን አቁማ፣ ሳትወርድ፣ ኦካሲዮ የወረወረበትን ጨዋታ በሬዲዮ እስከ መጨረሻው ሰማች። ተራኪው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ሲያልቅ ስልኳን አነሣች፤ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግሥቱ ወደ እስር ቤቱ ነዳች። ላይል ከመስታወቱ ወዲያ ተቀመጠና፣ ስለ ጠበቃም ስለ ችሎትም ሳይጠይቅ፣ መነጋገሪያውን አነሣ።

«ስንቱን አየር አስመታ?»

«አሥራ አንድ።»

ዓይኖቹን ጨፈነ። «ኦርቪል አሥር ብሎኝ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ቅዳሜ ደግሞ ይወረውራል።»

«አውቃለሁ» አለችው ሎሬታ፤ ወንበሯንም ወደ መስታወቱ አስጠጋች።